አዋቂ ሰው እና ኤዲኤችዲ፦ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ

በ34 ዓመቴ ነው ኤዲኤችዲ (ADHD፣ ትኩረት የመሰብሰብ ችግርና ቅብጥብጥነት) እንዳለብኝ የተነገረኝ። ሐኪም አይደለሁም፤ ከዚያ ወዲህ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን ግን ከቀላሉ ጀምሬ እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

ኤዲኤችዲ የልጆች ነገር አይደለም እንዴ? ትልቅ ሰው ላይም አለ?

አለ። ከልጅነት ይጀምራል፤ ብዙዎች ላይ ካደጉም በኋላ ይቀጥላል። በዓለም ላይ ከ100 አዋቂዎች ወደ 3 የሚጠጉት እንዳለባቸው ይገመታል። በዘር የመተላለፉ ነገርም በጣም ከፍተኛ ነው፤ ብዙ ወላጅ የራሱን የሚያውቀው ልጁን ሐኪም ዘንድ ወስዶ ጥያቄዎቹን ሲሰማ ነው።

ከዕድሜ ጋር መልኩን ይቀይራል። ልጅ ሆኖ ወንበር ላይ የማይረጋው ሰው ካደገ በኋላ ይቀመጣል፣ ውስጡ ግን አይቀመጥም። ስብሰባ ላይ እግሩን ያወዛውዛል፣ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ ይገባበታል፣ አምስት ነገር ጀምሮ አንዱንም አይቋጭም፣ ቁልፉን ሲፈልግ ቀጠሮው ያልፋል።

“ኤዲዲ” የሚባለውም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ያወጣው ስም ነበር፤ በ1987 ኤዲኤችዲ ተባለ። አሁን ሰዎች ኤዲዲ ሲሉ ብዙ ጊዜ መቅበጥበጥ የሌለበትን፣ ዝም ብሎ በሐሳብ ጭልጥ የሚለውን ዓይነት ማለታቸው ነው። ሴቶች ላይ በብዛት ሳይታወቅ የሚያልፈው ይሄኛው ነው። ክፍል ውስጥ የማትረብሽን ልጅ ማን ልብ ይላታል?

ስንፍና ቢሆንስ? ደስ የሚለኝን ነገር ስሠራ እኮ ስድስት ሰዓት ሳልነሳ እቀመጣለሁ።

ይሄን ጥያቄ ሃያ ዓመት ሙሉ ራሴን ስጠይቅ ኖሬያለሁ፤ ስለዚህ ረጋ ብዬ ልመልስ። ሰነፍ ሰው አለመሥራቱ እንቅልፍ አይነሳውም። ኤዲኤችዲ ያለበት ሰው ግን ሥራው ፊቱ ተደቅኖ፣ መሥራት እንዳለበት እያወቀ፣ መሥራትም እየፈለገ፣ መጀመር ያቅተዋል። ከዚያ ሌሊቱን በጸጸት ይገላበጣል። ማወቅና ማድረግ መካከል ያለው ድልድይ ነው የሚሰበርበት። ምክር የማይሠራውም ለዚህ ነው፤ የሚመከረውን ነገርማ ከመካሪው በላይ ያውቀዋል።

ስድስት ሰዓት መቀመጥህም የኤዲኤችዲ አንዱ ባሕርይ ነው። ቀልብ አለ፣ ግን ባለቤቱ ወደፈለገበት አይሄድለትም። አንጎል ውስጥ ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች የሚሠሩበት መንገድ ትንሽ ይለያል፤ ስለዚህ አዲስ ነገር፣ የሚወደድ ነገር ወይም አንገት ላይ የደረሰ ነገር ሲሆን ሞተሩ ይነሳል። “አስፈላጊ ነው” መባሉ ብቻ ግን አያስነሳውም። የፈተና ዋዜማ ሌሊቱን ሙሉ አንብቦ የሚያልፍ፣ አራት ወር ሙሉ ግን ደብተር ያልገለጠ ጎበዝ ተማሪ ሁላችንም እናውቃለን።

ቲክቶክ ላይ የተባለው ምልክት ሁሉ አለብኝ። አለብኝ ማለት ነው?

ላይሆን ይችላል። መርሳትና መዘናጋት የማያውቀው ሰው የለም። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የአሜሪካኖቹ መመሪያ ለአዋቂ ሰው የሚጠይቀው ይሄን ነው፦ ከትኩረት ወይም ከቅብጥብጥነት ምልክቶች ከ9ኙ ቢያንስ 5፣ ቢያንስ ስድስት ወር የቆዩ፣ አንዳንዶቹ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት የታዩ፣ ቤትም ሥራ ቦታም የሚታዩ፣ ኑሮን በእውነት የሚጎዱ።

እኔ “መቼ ጀመረ?” የሚለውን ነው ሁልጊዜ የማስቀድመው። አምና ከጀመረ፣ ሥራ ከቀየራችሁ ወይም ሐዘን ከደረሰባችሁ በኋላ ከመጣ፣ ሌላ ምክንያት መፈለግ አለበት። ድብርት፣ ጭንቀት፣ የእንቅልፍ እጦት፣ የደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ ችግር፣ ያልሻረ የአእምሮ ቁስል፣ እነዚህ ሁሉ ቀልብ ይሰርቃሉ። በጦርነትና በስደት ያለፈ ሰው ይሄን በደንብ ያስብበት። የዓለም ጤና ድርጅት ስድስት ጥያቄ ያለው አጭር መጠይቅ አለው፤ ሐኪም ዘንድ መሄድ ይኑርባችሁ አይኑርባችሁ ለማየት ይረዳል፣ በሽታውን ግን አይወስንም።

የት ልሂድ? ምንስ ይጠይቁኛል?

የሥነ አእምሮ ሐኪም ዘንድ። አዲስ አበባ ላይ አማኑኤል ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልን ሁሉም ያውቀዋል፤ የሥነ አእምሮ ክፍል ያላቸው ሌሎች ሆስፒታሎችም አሉ፣ ጎንደርና ጅማን የመሳሰሉ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎችም እንዲሁ። ሰው እንዳያየኝ ብላችሁ የምትፈሩ የግል ክሊኒክም አለ። ስትሄዱ አዋቂ ላይ ኤዲኤችዲ ያያሉ ወይ ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ሁሉም ሐኪም በዚህ ላይ እኩል ልምድ የለውም። አሜሪካ ያላችሁ ከመደበኛ ሐኪማችሁ መጀመር ትችላላችሁ፤ እስራኤል ያላችሁ ደግሞ ከኩፓት ሆሊማችሁ (ከጤና መድን ድርጅታችሁ)።

የደም ምርመራም ሆነ የራስ ቅል ፎቶ ኤዲኤችዲን አያሳይም። የሚያሳየው ታሪካችሁ ነው። እኔ እናቴ ዘንድ ሄጄ የድሮ ሪፖርት ካርዶቼን ከሳጥን አወጣሁ። አራተኛ ክፍል፣ የአስተያየት ቦታው ላይ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፦ “ጎበዝ ነው፤ ልቡ ግን ክፍል ውስጥ የለም።” ሐኪሙ ያቺን ካርድ ከእኔ የአንድ ሰዓት ወሬ በላይ ትኩር ብሎ አያት። ካርድ ከሌለ እናት፣ ታላቅ ወንድም፣ አብሮ አደግ ይጠየቅ።

መድኃኒቱ ምንድን ነው? ምን ያደርጋል?

ሁለት ወገን ነው። አንደኛው አነቃቂ የሚባለው ነው። ሪታሊንና ኮንሰርታ ውስጥ ያለው ሜቲልፌኒዴት ነው፤ አደራልና ቫይቫንስ ከአምፌታሚን ወገን ናቸው። ሪታሊን ከ1950ዎቹ ጀምሮ ያለ ነው፣ ትናንት የመጣ ሙከራ አይደለም። ፈጣኑ ሜቲልፌኒዴት ከ3 እስከ 4 ሰዓት ይቆያል፣ ቀስ እያለ የሚለቀቀው ከ8 እስከ 12። እ.ኤ.አ. በ2018 ላንሴት ሳይካትሪ ላይ የወጣ፣ 133 ሙከራዎችን ያነጻጸረ ጥናት ለአዋቂዎች የአምፌታሚን ወገኑን አስቀድሟል። ሁለተኛው ወገን አነቃቂ ያልሆነው ነው፤ ዋናው አቶሞክሴቲን ይባላል። እሱ ለመሥራት ሳምንታት ይፈልጋል፤ በሦስተኛው ቀን “አይሠራም” ብላችሁ እንዳትወረውሩት። ኢትዮጵያ ውስጥ እነዚህ መድኃኒቶች እንደ ልብ አይገኙም፤ ስለዚህ ማዘዣው ሲጻፍ “የት አገኘዋለሁ? ቢጠፋስ?” ብላችሁ እዚያው ጠይቁ።

የእኔን የመጀመሪያ ቀን ልንገራችሁ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ዋጥኩ። ሦስት ሰዓት ላይ አንድ ኢሜይል ከፈትኩ፣ አነበብኩ፣ መለስኩ፣ ዘጋሁ። ከዚያ ቀጣዩን። ቢሯችን ውስጥ መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር ይነሳል፤ ወትሮ እሱ ከተነሳ የእኔ ሥራ ቆመ ማለት ነበር። ያን ቀን ጀነሬተሩ እየሠራ እንደነበር ያወቅሁት ሲጠፋ ነው። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ሁሉም ሰው ላይ እንዲህ አይሆንም፣ እኔም ላይ ሁልጊዜ እንዲያ አይደለም። የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል፣ አፍ ይደርቃል፣ ልብ ይመታል፣ እንቅልፍ ሊያስቸግር ይችላል፣ ማታ መድኃኒቱ ሲወጣ ሰው ይነጫነጫል። ሐኪሙ ከትንሽ ጀምሮ ቀስ እያለ ነው የሚጨምረው። ከመጀመራችሁ በፊት የደም ግፊትና የልብ ምት ይለካ። እናንተም ሆነ ቤተሰብ ውስጥ የልብ ሕመም፣ ድንገተኛ ሞት፣ ባይፖላር ወይም ከእውነታ የመውጣት ሕመም ካለ አትደብቁ፤ ሐኪሙ የሚመርጠውን መድኃኒት ይቀይረዋል።

ሱስ ያስይዛል?

አነቃቂዎቹ ያለ አግባብ ከተወሰዱ ያስይዛሉ፤ በልዩ ማዘዣ የሚታዘዙት ለዚህ ነው። ሐኪም ባዘዘው መጠን፣ በአፍ፣ በክትትል ለሚወስድ ሰው ግን አደጋው ትንሽ ነው። እኔ ራሴ መዋጡን የምረሳበት ቀን ሞልቷል።

አለመታከሙም የራሱ አደጋ እንዳለው ግን ሰው አያነሳም። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ አንድ የስዊድን ጥናት እንዳሳየው ኤዲኤችዲ ያለባቸው ወንዶች መድኃኒት ላይ በነበሩባቸው ጊዜያት ከባድ የትራፊክ አደጋ ከግማሽ በላይ ቀንሶ ነበር። የፈተና ሰሞን ክኒን ለጓደኛ ማካፈል ግን በፍጹም፤ የእሱን ልብ ማን አየው?

መድኃኒት አላገኘሁም፤ ወይም መውሰድ አልፈልግም። ሌላ ምን አለ?

ብዙ አለ። መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ቢሆን ይሄ ያስፈልገዋል፤ ክኒኑ ቀልባችሁን ይሰበስብላችኋል እንጂ ቀጠሮ አይዝላችሁም። ዋናው ሐሳብ ነገሩን ከጭንቅላት አውጥቶ ዓይን የሚያየው ቦታ ማስቀመጥ ነው። የእኔ ቤት በር አጠገብ ሦስት ሚስማር የተመታበት ጣውላ አለ፦ ቁልፍ፣ መታወቂያ፣ ቦርሳ። ሌላ ቦታ አይቀመጡም፣ እንግዳ ቢመጣም፣ ስልክ ቢጮህም። ምድጃ ላይ ነገር ስጥድ የምትጮኸዋን የእንቁላል መቀቀያ ሰዓት ሞልቼ ኪሴ ውስጥ እከታታለሁ፤ ኩሽና ውስጥ አልተዋትም፣ ምክንያቱም እኔ ኩሽና ውስጥ አልቆይም። ከዚያ በፊት ሁለት የሽሮ ድስት አሳርሬያለሁ፣ አንዱ ቀን ጎረቤት በር እስኪያንኳኳ።

ጊዜ ደግሞ ለእኛ “አሁን” እና “አሁን ያልሆነ” ብቻ ነው። ስለዚህ ወደኋላ ቁጠሩ። መገናኛ አራት ሰዓት ቀጠሮ ካላችሁ፣ ለመንገድ አርባ ደቂቃ፣ ታክሲ ለመጠበቅ አሥራ አምስት፣ ጫማ ለመፈለግም አሥር። ከቤት የምትወጡበትን ሰዓት ነው ስልክ ላይ የምትሞሉት፣ ቀጠሮውን አይደለም።

ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ግን ሰው ነው። ፈረንጆቹ አብሮ መሥራትን አሁን እንደ ዘዴ ያስተምሩታል፤ ገበሬው ደቦ ካለው ስንት ዘመን ሆነው! ብቻዬን ሦስት ሳምንት ያልነካሁትን ሪፖርት ጓደኛዬ ጎን ተቀምጬ በአንድ ከሰዓት እጨርሳለሁ። እሱ የራሱን ነው የሚሠራው፣ አናወራም። ገንዘብም እንደዚያው። ባንክ ውስጥ ቆጥቤ አላውቅም፣ ዕቁብ ግን አንድ ወር አላሳለፍኩም፤ ሰብሳቢው ይደውላል፣ ሰው ይጠብቃል፣ ቀኑ አይነቃነቅም። ራሳችሁን ለመግራት ከመታገል እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ ግቡ።

ይሄን ሁሉ በሥርዓት የሚያስተምር የንግግር ሕክምናም አለ፤ ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ ይባላል፣ ለአዋቂ ኤዲኤችዲ ተብሎ የተስተካከለው ጥሩ ውጤት ያሳየ ነው። እንቅልፍና ስፖርት ሕክምናውን አይተኩም፤ ያለእነሱ ግን ሕክምናው ያነክሳል።

ጫት ስቅም ልቤ ይሰበሰባል። ይሄ አይበቃኝም?

የምትሉት ስሜት እውነት ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚመሳሰል ንጥረ ነገር ነው። ፈተና የደረሰበት ተማሪ፣ ሌሊት የሚነዳ ሾፌር ወደ እሱ የሚሄደው በከንቱ አይደለም፤ አንዳንዱ ሰው ሳያውቀው ራሱን እያከመ ነው ብዬ አምናለሁ። ያንን ሰው ልፈርድበት አልችልም።

ግን ልዩነቱን እዩት። የክኒኑ መጠን ይታወቃል፤ እስሩ ውስጥ ስንት ካቲኖን እንዳለ ማንም አያውቅም፣ ቅጠሉ በቆየ ቁጥርም ይቀንሳል። ክኒኑ ጠዋት ለሥራ ይዋጣል፤ በርጫው ከሰዓትን ይበላል። ምርቃና ላይ ዕቅድ ይጎርፋል፣ ከዚያ ምርቃናውን ለመስበር መጠጥ ይመጣል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ማግስቱን ሐራራ። እንቅልፍ ያጣ አንጎል ደግሞ ኤዲኤችዲ ባይኖርበትም እንዳለበት ሆኖ ነው የሚውለው።

ሁለቱን አንድ ላይ መውሰድ አደገኛ ነው። ልብንና የደም ግፊትን ይጎዳል፣ ጥርጣሬና ቅዠትም ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ምን ያህል እንደምትቅሙ ለሐኪሙ በቁጥር ንገሩት፣ አትቀንሱለት። ቡናም ቢሆን መድኃኒት ስትጀምሩ ከአቦል እስከ በረካ ባትሄዱበት ይሻላል፤ ልብ ሲመታ የቡናው ይሁን የክኒኑ አይለይም።

ጾም ላይ እንዴት ላድርግ?

ከሐኪሙም ከንስሐ አባታችሁም ጋር ተነጋገሩ፤ ሁለቱም ለታመመ ሰው መላ አላቸው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሙ ከሆነ ችግሩ ሁለት ነው፦ ክኒኑን በምን እውጠዋለሁ የሚለው እና አነቃቂው ራሱ የምግብ ፍላጎት ስለሚዘጋ ሲፈታም አለመብላት። እኔ ዐቢይ ጾም ላይ ኪሎ የቀነስኩበት ዓመት ነበር፤ አሁን ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ባይርበኝም ሰዓቱን አይቼ እበላለሁ።

አቶሞክሴቲን በባዶ ሆድ ያቅለሸልሻል። በረመዳን ደግሞ ቀስ ብሎ የሚለቀቀውን ዓይነት በስሑር ሰዓት የሚወስዱ አሉ። መጠኑንም ሆነ ሰዓቱን በራሳችሁ ግን አትቀይሩ።

ጠበል እየተጠመቅሁ ነው። መድኃኒቱን ላቁም?

አታቁሙ። ጠበልና መድኃኒት አይጣሉም። በኤችአይቪ ጊዜ የቤተ ክርስቲያን አባቶች ራሳቸው ጠበሉንም ጠጡ፣ መድኃኒቱንም ዋጡ ብለው አስተምረዋል፤ ብዙ ሰው የተረፈው በዚያ ነው። ጸሎት ላይ ልባችሁ እየተበተነ “እምነት የለኝም ማለት ነው” ብላችሁ የምትሰቃዩ ደግሞ ትጽፉልኛላችሁ። የእምነት ጉድለት አይደለም፤ ሥራ ላይ የሚበተነው ቀልብ ነው ቅዳሴ ላይም የሚበተነው።

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ መድኃኒት ቢያመጣልኝስ?

በራሱ ስም የታዘዘለትን ለእናንተ ማምጣት ችግር ውስጥ ይከተዋል። ሜቲልፌኒዴትና አምፌታሚን በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር የሚደረግባቸው ናቸው። የራሳችሁን ይዛችሁ ስትጓዙ በዋናው ማሸጊያው፣ ከማዘዣውና ከሐኪም ደብዳቤ ጋር ይሁን። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የምትሄዱ በጣም ተጠንቀቁ፤ ለምሳሌ ኤምሬቶች ቁጥጥር ላለበት መድኃኒት ከጉዞ በፊት ፈቃድ ትጠይቃለች። አሜሪካ ውስጥም ቢሆን እንደ ልብ አይደለም፦ ለእያንዳንዱ ጊዜ አዲስ ማዘዣ ያስፈልጋል፣ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2022 ጀምሮ ደግሞ የአደራል እጥረት ብዙ ሰው አንገላቷል።

ማርገዝ አስቤያለሁ፤ መድኃኒቱስ?

ከማርገዝሽ በፊት ሐኪምሽን አማክሪ፤ አርግዘሽ ከሆነም ደንግጠሽ በራስሽ አታቁሚ፣ በቶሎ ደውዪ። አንዳንዷ ታቆማለች፣ አንዳንዷ ደግሞ ካቆመች መኪና መንዳቱም ሥራውም ስለሚያሰጋት ትቀጥላለች። ውሳኔው እንደ ሰውየዋ ነው።

ባለቤቴ ኤዲኤችዲ አለበት። ቤቱን ሁሉ የማስታውሰው እኔ ነኝ፤ ደከመኝ። ምን ላድርግ?

መድከምሽ ትክክል ነው፣ መጀመሪያ ይሄን ልበልሽ። ኤዲኤችዲው ለምን እንደሚረሳ ያስረዳል፤ ሸክሙን ሁሉ አንቺ ትከሻ ላይ መጣሉን ግን አያጸድቅም። ሕክምናውን መከታተል የእሱ ሥራ ነው። አንቺ ክኒን አስታዋሽ ከሆንሽ ቀስ በቀስ ሚስትነቱ ቀርቶ እናትነት ይሆናል፣ ያ ደግሞ ሁለታችሁንም ያመርራል።

የሚሠራው ነገር አንድን ሥራ ከነሙሉ ማንነቱ ማስረከብ ነው። “መብራት ክፈል” ብለሽ አታስታውሺው። መብራት የእሱ ነው፤ ቀኑን ማወቁም፣ መክፈሉም፣ ቢረሳው በሻማ ማምሸቱም። መጀመሪያ ወር ይረሳዋል። ቻይው። የሚረሳው አንቺን ስለማይወድ እንዳልሆነ እኔ ከእሱ ወገን ሆኜ ልመስክርልሽ፤ የልደትሽን ቀን ረስቶ ያንቺን ሳቅ ግን ቀኑን ሙሉ ሊያስታውስ ይችላል።

እኛ ቤት እሑድ ጠዋት አቦሉ እንደተጠጣ የቀን መቁጠሪያው ከግድግዳ ይወርዳል። ባለቤቴ ታነባለች፣ እኔ እጽፋለሁ፦ ማን ልጆቹን ያደርሳል፣ እድር መቼ ነው፣ የማን ሠርግ አለ። ክርክር አይገባበትም፣ ያለፈ ሳምንት አይነሳበትም። ቶናው ሲቀዳ ወደ ግድግዳው ይመለሳል።